ሳልዘጋው የሰጠሁት ዲስክ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ለእሳቸው ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ በሁዳዴ ጾም የፕሮቴስታንት ሠርግ ልቀርጽ ሄጄ ክትፎ መብላቴን እንኳ አልደበቅኋቸውም። ይህን ግን ዋጥኩት። ኃጢአቴን ከመናገሬ በፊት ዲቪዲ ምን እንደሆነ፣ ዲስክ መዝጋት ማለትም ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ፤ እሳቸው ደግሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለባቸው። ይህ ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እርስዎ ወረፋ ከሌለብዎት እባክዎ አረፍ ይበሉና ያድምጡኝ።

ጌታሁን እባላለሁ። ዲላ ከተማ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ ሠርግና ምርቃት የምቀርጽባት አንዲት ትንሽ ቪዲዮ ቤት አለችኝ። ነገሩ የሆነው የዴክ ዘመን አልፎ የዲቪዲ ዘመን በገባበት፣ ፍላሽ የሚባለው ነገር ገና የሀብታም ልጅ የአንገት ጌጥ በነበረበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከዱባይ የመጣ መቅጃ ማሽን ገዛሁ። ካሜራዬን በገመድ አገናኘዋለሁ፣ ባዶ ዲስክ አጎርሰዋለሁ፣ ካሴቱ ሲዞር ሠርጉ ዲስኩ ላይ ይቀዳል። መጨረሻ ላይ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ዲስኩን መዝጋት። አንዲት ቁልፍ ተጭኖ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ያልተዘጋ ዲስክ የሚታየው የቀዳው ማሽን ላይ ብቻ ነው። ሌላ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ፣ ማጫወቻው ሲያሽከረክረው ቆይቶ ባዶ ነው ይላል። ማሽኑን ያመጣልኝ ሰው ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነግሮኛል። አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ታዲያ ለምን አልዘጋሁም? መብራት ነው። ቅጂ ላይ እያለሁ መብራት ቢሄድ ሲመጣ እንደገና እቀዳለሁ። በመዝጊያዋ አሥር ደቂቃ ውስጥ ከሄደ ግን ዲስኩ ሞተ ማለት ነው፤ በራሴ ማሽን ላይም አይነሳም። የዲላ መብራት ደግሞ ያችን አሥር ደቂቃ ጠብቆ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። በአንድ ሳምንት ሦስት ሠርግ እንዲህ ገደለብኝ። ከዚያ በኋላ መዝጋቱን ተውኩት። ደንበኛው ሲመጣ ዲስኩን በራሴ ማሽን ከፍቼ አሳየዋለሁ፤ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ያያል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ቤቱ ሄዶ እምቢ ሲለው ይመለሳል። እኔም ያንኑ ዲስክ በዚያው ማሽን ከፍቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ይኸው ይሠራል! ችግሩ ያንተ ማጫወቻ ነው» እለዋለሁ። በጣም የተነጫነጨብኝ እንደሆነ መብራቱ ደህና በሆነ ቀን ዲስኩን ተቀብዬ «አጥቤ» እመልስለታለሁ። ማጠብ የምለው መዝጋቱን ነበር። ስንቱን ጤነኛ ማጫወቻ በሽተኛ ነህ አልኩት? እኔ እንጃ።

ይህ ሁሉ ግን የደረጀን ያህል አይከብደኝም።

ደረጀ ወናጎ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ያኔ ገና ወጣት ሆኖ የባንኮ ጎቲቲውን የአቶ በራሶን ልጅ፣ ትዕግስትን አገባ። አቶ በራሶ ሰፊ የቡና ማሳ ያላቸው፣ በቀበሌያቸው ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ለደመወዝተኛ መስጠት ከብዷቸው ነበር። «ጠመኔ ተክሎ ምን ሊለቅም ነው?» አሉ ተብሎ ተወርቷል። ወሬው ደረጀ ጆሮ ደርሷል። እሱም ስንት ወር ቆጥቦ ለአማቱ የሠርግ ስጦታ ዲቪዲ ማጫወቻ ገዛ። ያ ቤት ቴሌቪዥን ነበረው፤ ማጫወቻ ግን አልነበረውም። ይህን ያወቅሁት እሱ ራሱ ነግሮኝ ነው። ሠርጉን እንድቀርጽ ሊያነጋግረኝ የመጣ ቀን «ጋሽ ጌታሁን፣ መልሱ ላይ የራሳቸውን ልጅ ሠርግ በእኔ ማጫወቻ ያያሉ» አለኝ። ሲናገር ፊቱ ያበራ ነበር። እንግዲህ ምን ላይ እንደተጫወትኩ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሠርጉ ቅዳሜ ወናጎ ተደረገ። መልሱ በሳምንቱ፣ እንደገና ቅዳሜ፣ ባንኮ ጎቲቲ ሙሽሪት ቤት ነው። አርብ ዕለት ስቀዳ ዋልኩ። መብራቱ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። ከሰዓት በኋላ በስንት መከራ ቅጂው አለቀ። ቁልፏ ፊቴ ናት። አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት፤ ደከም ብሏል። አሁን ብጫነውና ቢሄድብኝስ? ከሄደ ለነገ የሚደርስ ዲስክ የለም። ይህን ያህል ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ እውነት ነው። ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም? ጎረቤቴ ያለው ፀጉር ቤት ጄኔሬተር ነበረው። ሄጄ አሥር ደቂቃ አውሰኝ ማለት እችል ነበር። ቁልፏን አልነካኋትም። ዲስኩን አውጥቼ የሙሽሮቹን ፎቶ በለጠፍኩበት ሽፋን ውስጥ ከተትኩት። ዲስኩን አልዘጋሁም።

መልሱን ልቀርጽ እኔም ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይጮሃል። ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ከሁሉም ቀድመው የተቀመጡት የአቶ በራሶ እናት እማማ ሻጊቱ ናቸው። እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ሠርጉ ላይ አልተገኙም፤ የልጅ ልጃቸው ስትዳር ለማየት ይህን ዲስክ ሲጠብቁ ነው የሰነበቱት። ደረጀ ኮቱን አውልቆ ማጫወቻውን ከካርቶኑ ራሱ አወጣ፣ ገመዱን ራሱ ሰካ፣ ዲስኩን ራሱ አጎረሰ። ማጫወቻው ሰር ሰር አለ፣ ቆመ፣ ደግሞ ሰር ሰር አለ። ከዚያ ሰማያዊው ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ቃል ወጣ፤ ኖ ዲስክ።

በዚያች ደቂቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቴክኒሻን ሆነ። አንዱ በጋቢው ጫፍ ወለወለው። አንዱ እፍ እፍ አለበት። አንዷ የሚያብለጨልጨው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ይግባ አለች፣ ተደረገ። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ዘመድ በጥጥ አልኮል ነክሮ አመጣ። አንድ ሽማግሌ ዲስኩ በርዶት ይሆናል ብለው ደጅ ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ዶሮ እንዳይረግጠው ሰው ቆመበት። ሞቆ ሲመለስም ያው ኖ ዲስክ ነው። ጄኔሬተሩን አጥፍተው አስነሱ። ማጫወቻውን በጎኑ አቆሙት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። እኔ ካሜራዬን ዓይኔ ላይ ደግኜ ይህን ሁሉ እቀርጻለሁ። ቀና ብዬ ሰው ማየት ስላልቻልኩ ነው የምቀርጸው።

በመጨረሻ አቶ በራሶ ጠሩኝ። «ወንድም ጌታሁን፣ እስኪ አንተ እየው። የዚህ ነገር አዋቂ አንተ ነህ።»

ተነስቼ ሄድኩ። ከመንበርከኬ በፊት አውቄዋለሁ። አልዘጋሁትም፤ እኔ ነኝ። «ይቅርታ፣ የኔ ስህተት ነው፣ ዲስኩን አልዘጋሁትም» ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ሰው ይስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ሞኝ ሆኜ እውል ነበር። ሰኞ ዘግቼ እልክላቸው ነበር፣ በቃ። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ዲስኩን አውጥቼ፣ ራጅ እንደሚያይ ሐኪም ወደ ብርሃን አንስቼ፣ አገላብጬ አየሁትና አፌን ሞልቼ «ዲስኩ ጤነኛ ነው። ማጫወቻው ነው። ዓይኑ ደካማ ነው» አልኩ።

የደረጀ ጆሮ ቲማቲም መሰለ። የያዘውን ገመድ ዝም ብሎ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል። አቶ በራሶ ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ምንም አይደለም ልጄ፣ ዕቃ አይደል» አሉት። ግን ለባለቤታቸው በዓይናቸው ምልክት ሰጡ፤ ወይዘሮ ማርታም ማጫወቻውን ጨርቅ አልብሰው ከዕቃ መደርደሪያው ላይ አነሱት። የተሸፈነው ማጫወቻ አሁንም አንዳንዴ ይታየኛል።

ያኔ እማማ ሻጊቱ ስክሪኑን እያመለከቱ በጌዴኦኛ ጠየቁ። የሙሽሪት እህት «ኖ ዲስክ ይላል፤ የለም ማለት ነው» ብላ ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ ተጫዋች ሰው ናቸው። ወደ ሙሽራው ዞረው በአማርኛ «አንተ ኖ ዲስክ! ና እስኪ አጠገቤ ቁጭ በል። ሠርጉን በአፍህ ንገረኝ፤ አንተ ነበርክ አይደል?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ሊያድኑት ነበር የፈለጉት፤ ከሐፍረት ወደ ሳቅ ሊያሻግሩት። ደረጀም እግራቸው ሥር ተቀምጦ ሠርጉን በአፉ ነገራቸው። ሙሽሪት እንዴት እንደመጣች፣ መዘምራኑ ምን እንደዘመሩ፣ ፓስተሩ ሲያስተምሩ የእሱ ሚዜ እንዴት እንዳንቀላፋ፣ አንድ በአንድ። አሳምሮ ነበር የሚናገረው። አሮጊቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሁሉንም ቀርጬዋለሁ፤ ካሴቱ ዛሬም ሱቄ ውስጥ አለ። ስሙ ግን ከዚያ ቤት ከደረጀ ጋር ወጣ፤ ኖ ዲስክ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር።

በሳምንቱ ደረጀ ማጫወቻውን ለሸጠለት ነጋዴ መለሰ። ነጋዴው ፊልም ከቶ ሞከረው፣ ይሠራል። ቢሆንም ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ለወጠለት። አዲሱንም ባንኮ ጎቲቲ ወስዶ ያንኑ ዲስክ ቢከትበት ያው ኖ ዲስክ አለ። አሁን ጉድ ፈላ። አንዴ ቢሆን የዕቃው ነው ይባላል፤ ሁለቴ ሲሆን የገዢው እጅ ነው ተባለ። የሚስቱ ዘመዶች «ይሄ ልጅ መርጦ የታመመ ነው የሚገዛው» ብለው ተሳሳቁ። ሲስቁ ግን አቶ በራሶ አብረው አልሳቁም፤ ይህ ነው ደረጀን የጎዳው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ማጫወቻውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ዲስኩንም ይዞ ሱቄ መጣ። «ጋሽ ጌታሁን፣ እባክህ አንተ ዓይኑን እይልኝ። ፊልም ያሳያል፣ የኛን ሠርግ ሲሆን አያይም። ምን አድርገነው ነው?»

እኔም መልስ አላጣሁ። የፋብሪካ ፊልም በትልቅ ፊደል እንደተጻፈ መጽሐፍ ነው፣ እኔ የምቀዳው ግን ደቃቅ ጽሑፍ ስለሆነ ዓይኑ የደከመ ማጫወቻ ይቸገራል አልኩት። መምህር አይደል፣ ገባው። ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መሀል የቀድሞ ተማሪው በር ላይ አይቶት ሰላም ሊለው ጠራውና ወጣ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መብራቱ ደህና በነበረ ቀን የዘጋሁትን አንድ የምርቃት ዲስክ አንስቼ የእሱ ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት። የኔው ቅጂ ነው፣ ደቃቅ ጽሑፍ ያልኩት። ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ተመራቂዎቹ ቆባቸውን ሲወረውሩ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ዓይኑ ከኔ ዓይን ይሻላል። ደረጀ በር ላይ እየሳቀ ነው። ጠርቼ ባሳየው ምን ነበረበት? ቀልጠፍ ብዬ ዲስኬን አወጣሁና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። መልሱ ላይ የዋሸሁትን፣ ሰው ፊት ተጨንቄ ነው ልል እችላለሁ። የረቡዑን ግን ማንም ሳያየኝ፣ ተረጋግቼ ነው ያደረግሁት።

ሲመለስ «ሁለቱንም ተውልኝ፤ ማጫወቻውን አክማለሁ፣ ዲስኩን አጥባለሁ» አልኩት። ከሄደ በኋላ ዲስኩን ማሽኔ ውስጥ ከተትኩና ያችን ቁልፍ ተጫንኩ። መብራት አልሄደም። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ማጫወቻውን አልነካሁትም፤ አቧራውን ብቻ ጠረግሁለት።

በማግስቱ ወሰደው። ባንኮ ጎቲቲ ላይ ሠርጉ ታየ፤ እማማ ሻጊቱ ሦስት ጊዜ አስደግመው አዩት። «በአፉ ሲነግረኝ ይበልጥ ነበር» አሉ አሉ። አቶ በራሶ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አቮካዶ ላኩልኝ። ወይዘሮ ማርታ ደግሞ አብረዋቸው ከሚጸልዩት እህቶች ጋር ስለዚያ ማጫወቻ ጾመው ጸልየው ኖሮ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው መሰከሩ። ዲላ ገበያ ያገኙኝ ቀን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጌታ ይባርክህ ወንድም ጌታሁን፣ እሱ ነው በአንተ እጅ የሠራው» አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። አንባቢዬ፣ አሜን አልኩ! አቮካዶውንም ቤተሰቤ እስኪሰለቸው በላነው።

ሁሉም ደስ አለው ማለት ነው። ታዲያ ምን ያናዝዝሃል ይሉኝ ይሆናል። እኔም ብዙ ዓመት ለራሴ እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ወናጎ ትምህርት ቤት የሽልማት በዓል ልቀርጽ ተጠራሁ። ደረጀ አሁን ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኗል፤ ጠጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ሽልማት ሊሰጥ ሲነሳ ከአጥሩ በኩል ያሉ ልጆች «ቲቸር ኖ ዲስክ! ቲቸር ኖ ዲስክ!» ብለው ጮኹ። እነዚህ ልጆች ያን ጊዜ አልተወለዱም። ዲስክ የሚባል ነገር በእጃቸው ይዘው እንደሆነም እጠራጠራለሁ። እሱ እጁን አውለበለበላቸው።

በኋላ ሻይ ስንጠጣ እየሳቀ አጫወተኝ። ያ ስም ከወናጎ እስከ ገደብ ይከተለዋል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አማቱ ቤት የሚወስደው ዕቃ ሁሉ ሳይሞከር አይገባም ነበር፤ ሬዲዮ ሲወስድ ከፍተው አዳመጡ፣ ባትሪ ሲወስድ በቀን አበሩት፣ አንዴ ጃንጥላ ቢወስድ ሳሎን ውስጥ ዘረጉት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከበር አጠገብ ነበር የምቀመጠው» አለኝ። «ጎትተው ወደ ውስጥ ያስገቡኝ እማማ ሻጊቱ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አንተም ደግሞ ማጫወቻውን ባታክምልኝ ኖሮ እስካሁን በር ላይ ነበርኩ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሻዬንም ከፈለልኝ።

የጃንጥላው ወሬ ያስቃል። አብሬው ሳቅሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ዲላ ስደርስ ግን ያለኝን ደግሜ አሰብኩት። ሁለት ዓመት በር አጠገብ! ለምን? አሥር ደቂቃ ስላልጠበቅሁ። አልዘጋሁም፣ ከዚያ ዋሸሁ፣ ከዚያ ደግሞ አይቼ ዋሸሁ፣ ከዚያ ተመርቄ አሜን አልኩ። መብራቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የዱባዩ ማሽን አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የሱቄን ታፔላ ላሳድስ ጸሐፊ ጠራሁ። የምፈልገውን ስነግረው ብሩሹን አስቀምጦ አየኝ። «ጋሼ፣ ኖ ዲስክ ቪዲዮ ብለው ማን ሠርጉን ይሰጥዎታል?» አለኝ። ስሙ የኔ ነው፣ ሰው ዘንድ ተቀምጦ ቆይቶ ነው አልኩት። አልገባውም፤ ግን አሳምሮ ጻፈው፣ ቢጫ በሰማያዊ። አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ደረጀ ሳያየው አልሰቅለውም።

ነገ ጠዋት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜው ወናጎ እወርዳለሁ። ከደረጀ ጋር ሆነን አቶ በራሶ ዘንድ እንቀጥላለን፤ ሁለቱ ፊት እናገራለሁ፣ የደረጀና የትዕግስት ልጆችም ቢኖሩ ደስ ይለኛል። ይቅር ቢሉኝ ታፔላውን አብረን እንሰቅለዋለን። ባይሉኝ ብቻዬን እሰቅለዋለሁ። እርስዎም ከፈቀዱ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰበብ ግን አይፈልጉልኝ፣ እኔ ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። መጀመሪያ ምን እንደምለው ሳስብ ሰነበትኩ። ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ሁሉንም ሰረዝኩ፤ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው። ደረጀ፣ ማጫወቻህ ጤነኛ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጤነኛ ነበር።